ድርሳን በእንተ ዐራት ዘክልኤ ደርብ፤ ወይም በዝቋላ ወረዳ ለሕፃናት ተደራራቢ አልጋ ስለ መምረጥ የቀረበ ሊቃዊ ሐተታ

መቅድም

የሰው ልጅ የዕድሜውን ሲሶ ተኝቶ ያሳልፋል። ይህ ሲሶ ዕድሜ ግን በሀገራችን ሊቃውንት ዘንድ ተገቢውን ክብር አግኝቶ አያውቅም። ስለ ነገሥታት ዙፋን፣ ስለ ባሕረ ሐሳብ፣ ስለ ቅኔ ቤቶች ሽኩቻ ስንት ብራና ተፍቋል፤ ስንት ቀለም ተበጥብጧል። ሁለት ሕፃናትን በአንድ አልጋ ቦታ ላይ ሽቅብ ደርድሮ ስለሚያሳድረው ተደራራቢ አልጋ ግን የሚገባው ድርሳን አልተጻፈለትም። ይህ ጉድለት የእኔን ብዕር ሲጠብቅ እንደኖረ በፍጹም ትሕትና እገልጻለሁ።

ወደ ነገሩ ከመግባታችን በፊት የቦታው ጉዳይ ይጥራ። ዝቋላ በተባለ ቁጥር ብዙው አንባቢ ፊቱን ወደ ቢሾፍቱ አዙሮ፣ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ የጸለዩበትን፣ አናቱ ላይ ሐይቅ የተኛበትን ተራራ እያሰበ ለመሳለም ያጎነብሳል። ስግደቱ ይቆየው። እኔ የምለው ዝቋላ በዋግ ኽምራ ያለው ወረዳ ነው፤ ከተማው ጽጽቃ፣ የዞኑ ርእሰ ከተማ ሰቆጣ፣ ቆላው ወደ ተከዜ የሚወርድ። ስለ ላይና ስለ ታች ለሚመራመር ሰው ከደጋ ቁልቁል ወደ ቆላ የሚሰባበር ምድር ከማንኛውም ቤተ ሙከራ ይበልጣል። ደግሞም ጥያቄው እዚያ የቅንጦት አይደለም። ከገጠር ቀበሌ ወጥተው፣ ስንቃቸውን ተሸክመው፣ ከተማ አንድ ክፍል ለሦስትና ለአራት ተከራይተው የሚማሩ ልጆች ባሉበት አገር፣ መኝታን ሽቅብ መደርደር የቤት ኪራይ ጉዳይ ነው።

ምዕራፍ ቀዳማይ፤ በእንተ ጥንተ ነገር

ፈረንጆች ተደራራቢ አልጋን ከመርከበኛና ከወታደር ጋር ያያይዙታል። ይሁንላቸው። እኛ ባሕር ሳያሻን፣ ጦር ሰፈርም ሳንጠብቅ ነገሩን በቤታችን ይዘነው ኖረናል። ደገኛው ከብቱን ከታች አስሮ እሱ ቆጥ ላይ ሲጋደም፣ የላሚቱም ትንፋሽ ሽቅብ እየወጣ ሲያሞቀው፣ ይህ ተደራራቢ አልጋ ካልሆነ ምን ሊባል ነው? የታችኛው ደርብ ነዋሪ ቀንድ ያለው መሆኑ መርሁን አያፈርሰውም። ጎረቤታችን ላስታማ ነገሩን ወደ ድንጋይ አሳድጎ ክብ ቤቱን ባለ ደርብ አድርጎ ሠርቶታል፤ ላሊበላን የተሳለመ ሁሉ አይቶታል። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚለውም ብሂል ከከፍታ ስለሚመጣ አደጋ በአማርኛ ከተላለፉ ማስጠንቀቂያዎች ቀደምቱ ነው ብዬ ብሟገት የሚረታኝ ሰው እስካሁን አልተነሣም።

ቆጥ የሌለው መደብ ላይ ተኛ። መደብን የሚንቁ አሉ፤ አያውቁትም። ከግድግዳው ጋር አንድ ላይ የተመረገ ስለሆነ ልጅ የሚሾልክበት ክፍተት የለውም። የሚላላ ብሎን የለውም፤ አይወዛወዝም፤ ቁመቱ ከጉልበት አይዘልም። በደኅንነት ሚዛን ከመደብ የሚበልጥ አልጋ እስከ ዛሬ አልተፈለሰፈም። ጠላቶቹ ቁንጫና ብርድ ብቻ ናቸው። ጠፍር አልጋም ቢሆን ጠፍሩ ሲላላ የተኛውን ወደ መሀል ይሰበስበዋል እንጂ ወደ ውጭ አይጥለውም። አባቶቻችን እንግዲህ መሬት አጠገብ ሲተኙ ሞኝነት አልነበረም።

የመጻሕፍትንም ምስክርነት እንጥራ። ኦሪት ዘዳግም በ3ኛው ምዕራፍ የባሳኑን ንጉሥ የዐግን የብረት አልጋ በቁጥር ያስቀምጣል፤ ርዝመቱ 9 ክንድ፣ ወርዱ 4 ክንድ። ክንዱን በ45 ሴንቲ ሜትር ብናሰላው ርዝመቱ ከ4 ሜትር ያልፋል፤ ወርዱም 1.80 ይሆናል። ሙሴ እዚህ ላይ ስለ መከታ ምንም አይልም። አንባቢ ግን አይቸኩል፤ ከ19 ምዕራፍ በኋላ፣ በ22ኛው፣ አዲስ ቤት የሠራ ሰው በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያበጅ ያዛል፤ አንድ ሰው ከዚያ ወድቆ የቤቱ ባለቤት የደም ዕዳ እንዳይኖርበት። የተደራራቢ አልጋ ሕግ ሁሉ መሠረቱ ይህ ነው። የዩናይትድ ስቴትስ የሸማቾች ምርቶች ደኅንነት ኮሚሽን በአልጋው መከታ ላይ ያወጣው አስገዳጅ ደንብ በሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። ሙሴን ለመድረስ ዘግይተዋል፤ ቢሆንም ደርሰዋል።

በሐዲስ ኪዳን ደግሞ አውጤኪስ አለ። ጳውሎስ እስከ እኩለ ሌሊት ሲያስተምር ይህ ጎበዝ መስኮት ላይ እንደተቀመጠ እንቅልፍ ጣለውና ከሦስተኛው ደርብ ወደቀ፤ ሐዋርያው ወርዶ አነሣው። ከታሪኩ ሰባኪዎች ስለ ስብከት ርዝመት ተምረው ቢሆን መልካም ነበር። እኔ የምወስደው ግን ሌላ ነው፤ ከከፍታ ላይ የተኛ ሰው ይወድቃል፣ ጻድቅም ቢሆን፣ ቃለ እግዚአብሔር እየሰማም ቢሆን። በጽጽቃ ደግሞ ጳውሎስ የለም። ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል ያለው ሰቆጣ ነው፤ የተሰበረ ክንድ ይዞ ሌሊት እዚያ መድረስ ምን ማለት እንደሆነ የአካባቢው ሰው ያውቀዋል።

ምዕራፍ ካልዓይ፤ በእንተ ውድቀት

አንድ ሕፃን ከ1.50 ሜትር ከፍታ ቢንሸራተት መሬት የሚደርሰው ከግማሽ ሰከንድ ጥቂት ዘግየት ብሎ ነው። በዚያን ጊዜ ፍጥነቱ በሰዓት ወደ 20 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በዚህች ቅጽበት መንቃት፣ እጅን መዘርጋት፣ እናትን መጥራት አይቻልም። የመሬት ስበት በለንደንም በዝቋላም አንድ ነው፤ ዘመድ አያውቅም፤ በአማላጅ አይመለስም።

እ.ኤ.አ. በ2008 ፔዲያትሪክስ በተባለው የሕፃናት ሕክምና መጽሔት የወጣ የኦሃዮ ተመራማሪዎች ጥናት እንደሚለው፣ ከ1990 እስከ 2005 ባሉት ዓመታት በአሜሪካ ከተደራራቢ አልጋ ጋር በተያያዘ ጉዳት በዓመት በአማካይ ወደ 36,000 የሚጠጉ ልጆችና ወጣቶች በድንገተኛ ክፍል ታክመዋል። ከአራቱ ጉዳት ሦስቱ ያህሉ መውደቅ ነበር። እስካሁን ያለው ማንም የሚገምተው ነው። ሊቅን የሚያስደስተው የሚከተለው ነው፦ ከ18 እስከ 21 ዓመት ያሉት ጎረምሶች ከ14 እስከ 17 ካሉት በእጥፍ ያህል ይጎዱ ነበር። ዶርም ገቡ ማለት ነው። አብዛኛው የተማረ ኢትዮጵያዊ ይህን አልጋ የተዋወቀው እዚያው ዶርም ውስጥ በመሆኑ ግኝቱ ይመለከተናል። ዩኒቨርሲቲ ከደረሰ በኋላ ታችኛውን አልጋ ለመያዝ ሻንጣውን እየጎተተ የሮጠ ልጅ ሳይንስ ሳያነብ ሳይንስን ያከበረ ነው።

በልጅነት ግን ሩጫው ወደ ላይ ነው። ለምን? አንድም ለክብር ነው፤ ከላይ የተኛ ታች የተኛውን ቁልቁል ያያልና። አንድም ከታናሽ ወንድም እጅ ለማምለጥ ነው። አንድም እናት «ተነሥ» ስትል እጇ ቶሎ እንዳይደርስ ነው። አንድም በደረቁ፣ ከፍታ ስለሆነ ብቻ ነው። ላይኛው አልጋ በወንድማማቾች መካከል ሹመት ነው፤ ሹመትም በዋግ ቀላል ነገር ሆኖ አያውቅም። ዋግ ሹም ጎበዜ ከዚሁ ምድር ተነሥተው፣ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው በ1860 ዓ.ም. ነገሡ፤ በሐምሌ 1863 ዓ.ም. ዐድዋ አጠገብ በካሣ ምርጫ ተሸንፈው ከዙፋኑ ወረዱ። ሦስት ዓመት። ስለ ከፍታና ስለ መከታ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የፈለገ ታሪክ ያንብብ፤ እኔ ወደ አልጋው ልመለስ።

ምዕራፍ ሣልሳይ፤ በእንተ መከታ፣ እርሱም የድርሳኑ ልብ

ይህን ምዕራፍ ከመጻፌ በፊት ሰቆጣ አንድ በያጅ ዘንድ ሄጄ ስለ ዐግ፣ ስለ አውጤኪስና ስለ ስበት በሰፊው አብራራሁለት። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ በትዕግሥት አዳመጠኝ። በመጨረሻም፦

«ጋሼ፣ የፍራሹ ውፍረት ስንት ነው?» አለኝ።

ይህን ጥያቄ ከዚህ በታች የራሴ ግኝት አድርጌ አቀርበዋለሁ።

የመከታ ቁመት የሚለካው ከብረቱ አይደለም፤ ከፍራሹ ጀርባ ነው። የአሜሪካው ደንብ መከታው ከፍራሹ በላይ ቢያንስ 12.7 ሴንቲ ሜትር እንዲቆም ያዛል። የአውሮፓው ደረጃ ጠበቅ ብሎ 16 ይላል። እንግዲህ እናስላ። በያጁ መከታውን ከርብራቡ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጎ ሠራው እንበል። 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የስፖንጅ ፍራሽ ብታነጥፍበት 20 ይተርፍሃል፤ ልጁ በሰላም ያድራል። ደመወዝ ሲጨመር፣ ወይም አጎት ከአዲስ አበባ ሲመጣ፣ «ለልጆቹ ይመቻቸው» ተብሎ ባለ 20 ፍራሽ ተገዝቶ ቢነጠፍ የሚተርፈው 10 ብቻ ነው፤ ሁለቱንም ደንብ ጥሷል። አልጋው አልተነካም፤ ብረቱ ያው ነው፤ መከታው ግን ጠፍቷል። አሮጌውን ፍራሽ ሳያነሡ አዲሱን በላዩ መደረብ የሚወድ ቤት ደግሞ አለ። ያ ቤት ልጁን ያስተኛው መከታው ላይ ነው። ስለዚህ ለላይኛው አልጋ ስስ ፍራሽ፣ ወፍራሙ ለታችኛው። ላይኛው ልጅ ቅር ቢለው ሹመት ዋጋ አለው በሉት።

ሁለተኛው ነገር ክፍተት ነው። በመከታው ዘንጎች መካከል፣ በመከታውና በፍራሹ መካከልም፣ 9 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ ቀዳዳ አይኑር። የሚፈራው ልጁ ሾልኮ መውደቁ ብቻ አይደለም፤ ከዚያ የሚከፋ አለ። የሕፃን ሰውነት በጠባብ ቀዳዳ በእግር በኩል ይሾልካል፤ ጭንቅላት ግን አያልፍም። ሰውነቱ ወደ ውጭ ተንጠልጥሎ አንገቱ ይያዛል፤ ድምፅም አያወጣም። በዚህ ላይ አልቀልድም። ሜትር ከሌለ የአዋቂ ሰው ጡጫ ይበቃል፤ ጡጫው ካለፈበት በያጁ አንድ ዘንግ ይጨምር።

ሦስተኛው፣ ሊቃውንት ያልሆኑ ሁሉ የሚሳሳቱበት፣ የግድግዳው ወገን ነው። «በዚያ በኩል ግድግዳ አለ፤ መከታ ምን ያደርጋል?» ይላሉ፤ ሁለት ሜትር ብረት ለማትረፍ። ግድግዳ ግን ከአልጋ ጋር ቃል ኪዳን የለውም። ልጆች ሲወጡ ሲወርዱ አልጋው በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ይሸሻል፤ የጭቃ ግድግዳም ቀጥ ብሎ አይወጣም፤ ከታች ተጠግቶ ከላይ ይርቃል። በሳምንቱ በፍራሹና በግድግዳው መካከል ልጅን የሚውጥ ስንጥቅ ይከፈታል። እዚያ የገባ ልጅ ቢወድቅ ይሻለው ነበር። የአሜሪካው ደንብ በግድግዳው በኩል ያለው መከታ ከራስጌ እስከ ግርጌ ሳይቋረጥ እንዲሄድ ያዘዘው በዚህ ምክንያት ነው፤ ለመሰላል የሚሆን ክፍተት የሚፈቀደው በፊት ለፊቱ ብቻ ነው፤ እሱም ቢበዛ 38 ሴንቲ ሜትር ግድም። ወደ በያጅ ስትሄዱ አፋችሁን የምትከፍቱበት የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር «በሁለቱም ጎን» የሚል ይሁን።

የፍራሹ ወርድም ከዚሁ ይቆጠራል። አልጋው ባለ 90 ከሆነ ፍራሹም ባለ 90 ይሁን። ከቤት የተረፈ ሜትር ከሃያ ፍራሽ በባለ 90 አልጋ ላይ ሲጫን ጠርዙ ይነሣና ልጁ መከታውን ተሻግሮ ይተኛል፤ ጠባብ ፍራሽ በሰፊ አልጋ ላይ ሲነጠፍ ደግሞ ያ የተባለው ስንጥቅ በገዛ እጅ ይሠራል።

ምዕራፍ ራብዓይ፤ ማን ከላይ፣ ማን ከታች

የአውሮፓውም የአሜሪካውም ምክር አንድ ነው፤ ከ6 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ላይኛው አልጋ ላይ አይተኛ። እኛ ዘንድ ችግሩ ስድስትን ማወቁ ነው። «ስንት ዓመቱ ነው?» ሲባል «የዚያን የክረምት ዝናብ ጊዜ የተወለደው ነው» ለሚል ቤት የልደት ካርድ አይጠየቅም። መፍትሔው ግን በእጃችን አለ። የድሮ መምህራን ልጅ ሊመዘገብ ሲመጣ ቀኝ እጁን በአናቱ ላይ አሻግሮ ግራ ጆሮውን እንዲነካ ያዙት ነበር፤ ከነካ አንደኛ ክፍል ይገባል፤ ካልነካ ለከርሞ ይመለሳል። እኔም ይህን ፈተና ለላይኛው አልጋ እንዲውል በይፋ አቀርባለሁ። ጆሮውን ያልነካ፣ ከታች።

ፈተናው እንከን አለው፤ ሊቅ የራሱን ሐሳብ ይነቅፋል። በእድገት መቀንጨር የተያዘ ልጅ ዕድሜው ደርሶም እጁ ሊያጥር ይችላል፤ ነገሩ ለዚህ አካባቢ እንግዳ አይደለም። መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ለማጥፋት በ2007 ዓ.ም. የገባው ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» የተባለው በከንቱ አይደለም። ስለዚህ እጁ ቢያጥርም ዕድሜው በትክክል የታወቀ ልጅ በዕድሜው ይፈረድለት። የሰቆጣ ቃል ኪዳን የልጁን ቁመት ይጠብቅ፤ የእኔ ድርሳን የአልጋውን። ሥራ ተካፍለናል።

ስድስት የሞላው ሁሉም አይወጣም። በእንቅልፉ የሚሄድ፣ ከታች ይተኛ። ትኩሳት ያለበት፣ ለጊዜው ከታች። ሌሊት ሽንት የሚያመልጠው ልጅ የት ይተኛ በሚለው ላይ ደግሞ የሊቃውንት ክርክር የለም፤ ፈሳሽ ወደ ታች ይወርዳል፤ የታችኛው ወንድም መብትም ይከበራል። ሽንት ቤቱ ከግቢው ጥግ ከሆነ ላይኛው ልጅ በጨለማ መውረድ አለበትና ባትሪው ከትራሱ ሥር ሳይሆን ከመከታው ጋር በኪስ ይቀመጥ። በገመድ አይንጠልጠል። ገመድ፣ ቀበቶ፣ ነጠላ፣ የከብት ማሰሪያ፣ ምንም የሚጠመጠም ነገር ከላይኛው አልጋ ላይ አይታሰር። ልጆች ገመድ ሲያዩ ዥዋዥዌ ይታያቸዋል፤ ዥዋዥዌውም አንገት ላይ ሲደርስ አይታወቅም።

አሁን ወደ ኢትዮጵያዊው ፈተና ደረስን፤ እንግዳ። የአውሮፓ ሊቃውንት ስለ ብረት ውፍረት፣ ስለ ብሎን ጥንካሬ ጽፈዋል፤ ከሰሃላ ወይም ከዳህና ወረዳ በእግሩ ተጉዞ በመሸ የሚደርስ አጎት ግን በስሌታቸው ውስጥ አልገባም። አጎት ሲመጣ ምን ይሆናል? ታችኛው አልጋ ለአጎት ይለቀቃል። የታችኛው ልጅ ወደ ላይ ይወጣል። አጎት ልጁን ይዞ ከመጣ እሱም ይወጣል። እንግዲህ ለአንድ ልጅ የተበየደ ደርብ ሦስት ልጅ ተሸከመ፤ ከሥሩም ቅድም ጠላ የቀመሰ ሽማግሌ ተኝቷል። የሚሰባበረው ርብራብ ማን ላይ እንደሚወርድ ለማወቅ የሒሳብ ሊቅ አያስፈልግም። ፍርዴ ግልጽ ነው፤ ላይኛው አልጋ ላይ አንድ ልጅ ብቻ። ለተረፉት ፍራሽ መሬት ላይ ይነጠፍ። አጎትን ላይኛው ላይ ስለማስተኛት ያሰበ ካለ የሽማግሌን ጉልበት አላየም።

ምዕራፍ ኃምሳይ፤ በእንተ ቆላ፣ ቆርቆሮና አጎበር

ቆላ ላይ ተደራራቢ አልጋ ሌላ ነገር ይሆናል። ሙቀት ወደ ላይ ይወጣል፤ ቀን ሙሉ ፀሐይ የጠጣ የቆርቆሮ ጣራ ደግሞ ከላይ ይጠብቀዋል። ላይኛው ልጅ ማታ ይጠበሳል፤ ሲነጋጋ ይበርደዋል። ስለዚህ ከፍራሹ ጀርባ እስከ ጣራው ቢያንስ ልጁ ቀና ብሎ ተቀምጦ አናቱ የማይነካበት ቦታ ይተው። 90 ሴንቲ ሜትር ካልተገኘ ያ ክፍል ለተደራራቢ አልጋ አልተፈጠረም። ከሁሉ አስቀድሞ በእጃችሁ ጣራውን ዳስሱ። ቆርቆሮ ሲመታ ከማገሩ ወዲህ የወጣ ሚስማር ይኖራል፤ ታች ለሚኖር ሰው አይታይም፤ ላይ ለሚተኛ ልጅ ግን ከዓይኑ በላይ ነው። ልጁ እጁን ዘርግቶ የሚደርስበት አምፖልና የተላጠ ሽቦም እንዲሁ።

ወባ በኢትዮጵያ የሚበረታው ከ2,000 ሜትር በታች ባለው ምድር ሲሆን፣ ዋናው ወቅት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው። ሰቆጣ ከዚያ ከፍ ብላ ስለተቀመጠች ብዙ አትጨነቅም፤ የዝቋላ ቆላ ግን ይጨነቃል። አጎበር የተሠራው አልጋ አንድ ደርብ ነው ብሎ ነው። ለሁለት ደርብ እንዲህ ይደረግ፦ የታችኛው አጎበር ከላይኛው ርብራብ ሥር አራቱን ማዕዘን ይዞ፣ ማሰሪያው ሳይንጠለጠል፣ ይታሰርና ጠርዙ በፍራሹ ሥር ይሸጎጥ፤ የላይኛው ከማገር ይንጠልጠል። ለሁለቱም አንድ አጎበር ከላይ እስከ ታች ለቅቆ ማውረድ የሚሞክር አለ፤ ልጁ በሌሊት ሲወርድ በመሰላሉ ላይ እግሩን ይጠልፈዋል፤ ትንኟም በተከፈተው ትገባለች። ሌላም አስተያየት አለኝ፤ አጎበር መከታ አይደለም። የተሸጎጠ ጨርቅ ልጅን የያዘ ይመስላል እንጂ አይዝም።

በሙቀት ወራት ሰው ደጅ አልጋ አውጥቶ ሲያድር ተደራራቢውን አልጋ ግቢ አውጥቶ ለማቆም የሚያስብ ካለ ይህ ድርሳን ስለ እርሱ ዝም ይላል።

ምዕራፍ ሳድሳይ፤ በእንተ ብረትና እንጨት

ከባሕር ዛፍ ሞራሌ የተሠራ አልጋ ርካሽ ነው። ባሕር ዛፍ ግን ሳይደርቅ ከተሠራ ይጣመማል፤ አልጋው ሲጣመም መከታው ይላቀቃል። ያገጣጠሙ ስንጥቅ ደግሞ የትኋን መኖሪያ ነው። ቺፑድ ርብራብ ለዓይን ያምራል፤ እርጥበት ሲያገኘው ይሰባበራል፤ ለላይኛው ደርብ አልመክርም። ቱቦላሬ ይሻላል፤ ጫፉ በላሜራ የተዘጋ፣ የብየዳው ስለት በሞረድ የለሰለሰ፣ ርብራቡ ወፍራም ጣውላ የሆነ፣ ጣውላውም ዝም ብሎ የተቀመጠ ሳይሆን በብሎን የተያዘ።

አልጋው በሙሉ አንድ ላይ ተበይዶ መምጣት የለበትም። ምክንያቱ አይሱዙ ላይ መጫኑ ብቻ አይደለም፤ በር ነው። በስንት ድካም ሰቆጣ አሠርተው፣ በስንት ድካም ጽጽቃ አድርሰው፣ በሩ ላይ የቆሙ ሰዎች አሉ። በብሎን የሚፈታና የሚገጠም ይሁን። ብሎን ግን ይላላልና በየጥቂት ወሩ በቁልፍ ይጠበቅ። ሲመረጥ የላይኛውን ደርብ በሁለት እጅ ይዛችሁ በኃይል አወዛውዙት፤ ባለቤቱ ቢቆጣ ይቆጣ። ሱቅ ውስጥ የሚወዛወዝ አልጋ ቤት ገብቶ አይረጋም።

መሬቱ አፈር ከሆነ አልጋው የሚቆምበት አራት ቦታ ተደልድሎ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይነጠፍለት፤ አንዱ እግር ከተንጠለጠለ የልጆች ጭፈራ ቀሪውን ይፈጽመዋል። አልጋውን ከግድግዳው ማሰር ይገባል። ነገር ግን በጭቃ ምርጊት ላይ የተመታ ሚስማር ምንም አይዝም፤ በውስጡ ያለውን የእንጨት ቋሚ ፈልጋችሁ በእሱ ላይ እሰሩ። መሰላሉም ከአልጋው ጋር በብሎን የተያዘ፣ በጥቂቱ ያዘመመ፣ ደረጃው ቀጭን ክብ ብረት ሳይሆን እግር የሚያሳርፍ ጠፍጣፋ ይሁን። ባዶ እግሩን በቀጭን ብረት ላይ የሚቆም ልጅ ሁለት ሌሊት ይታገሥና በሦስተኛው መዝለል ይጀምራል።

ምዕራፍ ሳብዓይ፤ በእንተ ቀለም

የፈለጋችሁትን ቀቡ፤ ከሥሩ ፀረ ዝገት ይቅደም። የመኪናና የአንበሳ ሥዕል ዋጋ ከጨመረ ያን ገንዘብ ለመከታው ስጡት።

ፍርድ

በያጆች ሆይ፣ ልመና አለኝ። ገዢው መከታ ባይጠይቅም፣ ርካሽ ይሁንልኝ ቢልም፣ በሁለቱም ጎን አድርጉ፤ የፍራሹንም ውፍረት እንደዚያ የሰቆጣው ባልደረባችሁ ጠይቁ። ወላጆች ሆይ፣ ሂሳቡ ለመከታው ካልበቃ ተደራራቢውን ተዉትና ሁለት አጫጭር አልጋ አሠሩ። ክፍሉ ለሁለት አልጋ ካልበቃ ደግሞ አንዱን ልጅ መደብ ላይ አስተኙት።